ሁለት ሦስተኛ ዜሮ የሆነበት በጋ

ባለፈው እሑድ ልጄ ቤዛ ከላፕቶፗ ጋር ስትጣላ አረፈደች። እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ ምስር እለቅማለሁ። መጀመሪያ ጠረጴዛውን በጣቷ ስትቆረቁር ሰማኋት። ቀጥሎ በረጅሙ ስትተነፍስ። በመጨረሻ ድምጿን ከፍ አድርጋ «እማዬ፣ ይኼ ነገር አብዷል!» አለች።

ተነስቼ ከጀርባዋ ቆምኩ። አንድ የሂሳብ ፕሮግራም ላይ ያቀናበረችውን ረጅም ቀመር፣ ፕሮግራሙ ራሱ ወደ ሌላ የኮምፒውተር ቋንቋ ገልብጦ እንዲጽፍላት አዝዘዋለች። ጽፎላታል። የሚወጣው መልስ ግን ከእውነቱ ጋር አይገናኝም። ቀመሩን ደጋግማ አይታዋለች፤ ምንም አልተሳሳተም።

«ክፍልፋይ አለበት?» አልኳት።

«አለበት።»

«ከላይም ከታችም ሙሉ ቁጥር ነው?»

ዞር ብላ ለአፍታ አየችኝ። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ተመለሰችና ከአንዱ ቁጥር ኋላ ነጥብ ጨመረች። መልሱ ተስተካከለ። «ይኸው ነው እንዴ? ለዚህ ነው ጠዋቴን ያቃጠልኩት?» ብላ እየሳቀች ጃኬቷን አንጠልጥላ ወጣች።

እኔ መሳቅ አቃተኝ። ወደ ምስሬ ብመለስም እጄ ትሪው ላይ ዝም ብሎ ቀረ። ያቺ ነጥብ እኔን አንድ ሙሉ በጋ አስከፍላኛለች። የእኔን በጋ ብቻ በልታ ቢሆን ኖሮ ደግሞ እስከ ዛሬ ባላስታወስኳት።

አሶሳ የሄድኩት በውሃ ምህንድስና በተመረቅሁ በዓመቱ ነው። ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር። የየቢሮው ስም በቆርቆሮ ላይ ተጽፎ ቀለሙ ሳይደርቅ የተሰቀለ ይመስላል። አንዳንዱ ቢሮ ሰሌዳ ኖሮት ወንበር የለውም፤ ሌላው ወንበር ኖሮት የሚቀመጥበት ሰው ገና አልተመደበም። በነቀምትና በመንዲ በኩል የሚመጣው አውቶቡስ ከመሐል አገር የተመደብን አስተማሪዎችን፣ ነርሶችንና የቢሮ ሠራተኞችን አቧራ አልብሶ ያራግፈናል። እኔ ባምባሲን ካለፍን በኋላ ያለውን መንገድ አልረሳውም። ግራና ቀኙ ቀርከሃ ነው። ከፍ ብሎ አድጎ ጫፉን ወደ መንገዱ አጎንብሷል፤ ነፋስ ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ ይንሾካሾካል። ሙቀቱ ደግሞ የደጋ ልጅ ለሆንኩት ለእኔ አዲስ ነበር። ከአውቶቡሱ ስወርድ መጀመሪያ የጠጣሁት በበረዶ የቀዘቀዘ ከርከዴ ነው። ቀይ፣ ጎምዛዛ፣ ከላዩ ስኳር የተትረፈረፈበት። ከዚያ ወዲህ ተበሳጭቼ ባለሁበት ቀን ሁሉ ያቺን የከርከዴ ቤት ሳልጎበኝ አልቀረሁም። ብዙ ቀን ጎብኝቻታለሁ ማለት ነው።

የውሃ ቢሮው ኃላፊ አቶ ሙሳ ይባሉ ነበር። የበርታ ተወላጅ ናቸው፤ ከዚያ በፊት አስተማሪ ነበሩ። ትምህርት የጀመሩት በዓረብኛ ነው፤ አማርኛን በኋላ ነው የተማሩት። ስለዚህ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላሉ። «ኢንጂነር ትዕግስት፣ አንተ ዛሬ ጥሩ ሥራ ሠርቷል» ሲሉኝ መጀመሪያ ሰሞን ሳቄን መዋጥ አቅቶኝ ነበር። ኋላ ግን ለመድኩት፤ እንዲያውም ሌላ ሰው «አንቺ» ሲለኝ የሚቆጣኝ ይመስለኝ ጀመር። ረጅም፣ ቀጭን፣ የማይቀመጡ ሰው ነበሩ። ክልሉን በአንድ በጋ ሠርተው የሚጨርሱት ይመስላቸዋል።

ቢሮው አንድ ኮምፒውተር ነበረው። ጥልፍ ያለበት ጨርቅ ለብሶ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ሰው ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርግለታል። የከተማው መብራት የሚመጣው አመሻሽ ላይ ስለሆነ ቀን ላይ የሚሠራው የቢሮው ጄኔሬተር ናፍጣ ሲያገኝ ብቻ ነው። አቶ ሙሳ በገባሁ በሳምንቱ ጨርቁን ገለጥ አደረጉና «ይኼ ከመጣ ጀምሮ ተኝቷል። አንተ ቀስቅሰው» አሉኝ።

የምቀሰቅስበት ሥራም አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኝ ነበር። ከከተማው ወጣ ብላ ካለች ወንዝ ውሃ ጠልፎ የሚወስድ የመስኖ ቦይ ሊቆፈር ታስቧል። ቦዩ መጀመሪያ የሚያልፈው በሼህ አደም መንደር ነው። በርታዎች ናቸው፤ በመንደሩ መሐል ከአባታቸው የወረሱት የማንጎ ረድፍ አለ። ጥላው የመንደሩ መስጊድ፣ ሸንጎና የልጆች መጫወቻ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ወርዶ ቦዩ የሚጨርሰው በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ገበሬዎች ማሳ ላይ ነው። የእነሱ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሰይድ የሚባል ጎልማሳ ነበር። ከላይ ያሉት ለጓሮ አትክልታቸው ውሃ ይፈልጋሉ፤ ከታች ያሉት ለበቆሎና ለሽንኩርታቸው። ሁለቱም ለመቆፈር ፈቃደኛ ናቸው። ጥያቄው አንድ ነበር፦ ቦዩ ምን ያህል ይስፋ? በማንጎዎቹና በአለቱ መካከል ያለችው መሬት ጠባብ ናት። ቦዩ ከሰፋ ዛፎቹ መቆረጣቸው ነው።

በአፈር ቦይ ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንደሚያልፍ የሚነግር የቆየ ቀመር አለ። መሐንዲስ ሁሉ ያውቀዋል። የቦዩን ስፋት፣ የውሃውን ጥልቀት፣ የመሬቱን ቁልቁለትና የአፈሩን ሻካራነት ትሰጠዋለህ፣ የሚያልፈውን ውሃ ይነግርሃል። በቀመሩ ውስጥ ከአንዱ ቁጥር ራስ ላይ ሁለት ሦስተኛ የምትባል ትንሽ ክፍልፋይ ርቢ ሆና ተቀምጣለች። ችግሩ ወደኋላ ሲሄዱ ነው። የሚፈለገው ውሃ ታውቆ ጥልቀቱ ሲፈለግ ቀመሩ በቀጥታ አይፈታም፤ እየገመቱ፣ እያረሙ ደጋግሞ ማስላት ይጠይቃል። መሬቱ ደግሞ በየጥቂት እርምጃው ቁልቁለቱ ይለያያል። አቶ ሙሳም «ዛሬ አሶሳ፣ ነገ ግልገል በለስ፣ ከነገ ወዲያ ማንኩሽ» እያሉ ለክልሉ ሁሉ የሚሆን ፕሮግራም ነው የሚፈልጉት።

እኔ መሣሪያው ነበረኝ። ከዩኒቨርሲቲ ስሰናበት አንድ አስተማሪዬ በፍሎፒ የሰጠኝ የአልጀብራ ፕሮግራም ነው። እንደ ካልኩሌተር በቁጥር ብቻ አይሠራም፤ ፊደሉን እንደ ፊደል ይዞ ያሰላል። ቀመር ስትሰጠው ያቃልላል፣ ይዘረዝራል፣ ያመቻቻል። ከሁሉ የወደድኩለት ግን ያቀናበረውን ቀመር ፎርትራን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጽፎ የሚያወጣበት ትእዛዝ ነበረው። ገጽ የሚሞላ ቀመር በእጅ መገልበጥ ምን እንደሆነ የሠራ ያውቀዋል። አንድ የመቀነስ ምልክት ትዘላለህ፤ አንድ ቅንፍ ትረሳለህ፤ ከዚያ ስህተቱን ፍለጋ ዓይንህ ይጠፋል። ማሽን ለማሽን ሲጽፍ ግን ምን ይሳሳታል? እንዲህ ነበር የማስበው፤ ለአቶ ሙሳም ደጋግሜ የምላቸው ይኼንኑ ነበር።

ገና ከመጀመሪያው አናደደኝ። ፎርትራን ከመስመሩ የተወሰነ ቦታ በኋላ የተጻፈውን አያነብም፤ ዝም ብሎ ይተወዋል። አልጀብራው ደግሞ መስመሩን እንደ ባቡር አስረዝሞ ያወጣዋል። ስለዚህ የቀመሩ ጭራ እየተቆረጠ ይቀራል፤ ቅንፉ አይዘጋም፤ ማሽኑ በማላውቀው ቦታ ላይ ይጮኽብኛል። መስመሮቹን አንድ በአንድ በእጄ ሰባብሬ ቀጠልኳቸው። በመሐል ጄኔሬተሩ ይንተፋተፍና ይጠፋል። ያላስቀመጥኩት ሁሉ አብሮት ይጠፋል። እንደገና ከመጀመሪያው። አቶ ሙሳ በበሩ ብቅ ይላሉ።

«ማሽኑ ዛሬም ጾመኛ ነው?»

«ገና ነው፣ አቶ ሙሳ።»

«ዝናብ አይጠብቅም፣ ኢንጂነር።»

ስሜ ትዕግስት መሆኑ በዚያ ሰሞን የቢሮው ቀልድ ሆኖ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ፕሮግራሙ ያለ ምንም ጩኸት ሠራ። ማተሚያው ዳሩ የተበሳሳውን ወረቀት እያንቋረረ ተፋው። ለየቁልቁለቱ፣ ለየመሬቱ፣ የቦዩ ልክ ተደርድሮ ወጣ። ጠባብ ቦይ ይበቃል! በማንጎዎቹና በአለቱ መካከል ያለችው መሬት ትበቃለች። አቶ ሙሳ ወረቀቱን ተቀብለው ሳይቆርጡ ዘረጉት፤ ከጠረጴዛው ወርዶ ወለሉን ነካ። እንዲያ ሲደሰቱ አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ ሁለቱ መንደሮች ማንጎው ሥር ተሰበሰቡ። ፍሬው ገና አረንጓዴ ነው፤ ቅርንጫፉ ግን ከወዲሁ ጎንበስ ብሏል። አቶ ሙሳ ወረቀቱን ወደ ላይ ይዘው መጀመሪያ በበርትኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ተናገሩ። ሼህ አደም አዳምጠው ሲጨርሱ እኔን አዩኝ። ነጭ ጢም ያላቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። «ቢንቲ» ነበር የሚሉኝ፤ በዓረብኛ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ቢንቲ፣ ማሽኑ ዛፍ አይነካም ብሏል?»

«ብሏል፣ ሼህ።»

ወደ አቶ ሙሳ ዞሩ። «አንተስ?»

«አንድ ዛፍ አይነካም። ቃሌ ነው» አሉ አቶ ሙሳ።

ፋቲሃ ተደረገ፤ ቃሉ በጸሎት ታሰረ። ቁፋሮው ተጀመረ። ከላይ በርታዎቹ፣ ከታች ሰፋሪዎቹ፣ ዶማና አካፋ ይዘው በየተራቸው ይወጣሉ። ምሳ ሲደርስ ከላይኛው መንደር የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ይመጣል፤ ሰፋሪዎቹ የበቆሎ ቂጣቸውን ይዘው ይቀርባሉ። እኔም ከመሐላቸው ተቀምጬ እበላለሁ። ባሚያው እንደ ተልባ ይሳባል፤ መጀመሪያ ፊቴን አጨማድጄበት ነበር፤ በኋላ ግን እጄን የማነሳው መጨረሻ ላይ ሆነ።

ከወንዙ አፍ ጀምሮ ያለው የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ ውሃ ለቀን እንሞክረው ተባለ። ቦዩ ገና ማንጎዎቹ ጋ አልደረሰም። መግቢያውን በትንሹ ከፈትን። ሊሸከም ከሚገባው ግማሹን ያህል ውሃ ነው የለቀቅነው። ውሃው ቀይ አፈር እያጠበ መጣ፣ ከፍ አለ፣ ከፍ አለ፣ ከንፈሩ ጋ ደረሰ። ትንሽ ስንጨምር በጎንና በጎን ፈሶ የቆፋሪዎቹን እግር አራሰ። ልጆች ጮኸው ገቡበት። ሰይድ ግን አልሳቀም። አጠገቤ መጥቶ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«ምነው ልጀ፣ ይህ ነው እኛ ዘንድ የሚደርስ?» አለኝ።

«የሆነ ቦታ ደለል ይዞት ይሆናል» አልኩት።

ደለል አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ ያሉት ሳምንታት በሕይወቴ ካሳለፍኳቸው የከፉት ናቸው ብል አላጋነንኩም። የከፍታ መለኪያውን ተጠራጠርኩና ቁልቁለቱን እንደገና ለካሁ፤ ልክ ነው። የቦዩን ወለል ሻካራነት ተጠራጠርኩና ቆፋሪዎቹን እንደገና አስተካክሉት አልኳቸው፤ እያጉረመረሙ አስተካከሉት፤ ለውጥ የለም። የውሃውን መጠን የለካሁበትን መንገድ ተጠራጠርኩ። ራሴን ተጠራጠርኩ። ናፍጣ በተገኘ ቀን ሁሉ አልጀብራውን ከፍቼ ቀመሩን አያለሁ፤ ከመማሪያ መጽሐፌ ጋር ቃል በቃል አንድ ነው። የወጣውን የፎርትራን ጽሑፍ አያለሁ፤ ከቀመሩ ጋር አንድ ነው። ሁለት ሦስተኛም በቦታዋ ቁጭ ብላለች። በጣቴ እየተከተልኩ እያንዳንዱን ቅንፍ ቆጠርኩ። ምንም! እንዲህ ያለውን ንዴት የሚያውቀው ዓይኑ ሥር ያለውን ቁልፍ ቤት ሙሉ ሲፈልግ የዋለ ሰው ብቻ ነው።

ቁፋሮው ደግሞ አይቆምም። አቶ ሙሳ «ማሽኑ ያለውን እንሠራለን» ብለዋል። በየቀኑ ወደ ማንጎዎቹ ይጠጋል።

አንድ ቀን ናፍጣ ጨርሶ ጠፋ። ማሽኑ ጨርቁን ለብሶ ተኛ። እኔም በንዴት ካልኩሌተሬን ይዤ ቢሮው በረንዳ ላይ ተቀመጥኩና አንዷን የቦዩን ክፍል ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጄ አሰላሁ። የወጣው ውሃ ማሽኑ ካለው ግማሽ ገደማ ነው። እንደገና አሰላሁ። ያው። በቦዩ ውስጥ ካየነው ጋር ደግሞ ይገጥማል።

ናፍጣው ሲመጣ ፕሮግራሙን ከፈትኩና ቀመሩን እንደ ሥጋ ገነጣጠልኩት። እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው አስልቶ እንዲያሳየኝ አዘዝኩ። ስፋቱ ልክ። ጥልቀቱ ልክ። ቁልቁለቱ ልክ። ሁለት ለሦስት ሲካፈል፦ ዜሮ።

ዜሮ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአልጀብራው ሁለት ሦስተኛ ማለት ሁለት ሦስተኛ ነው። ለፎርትራን ግን ሙሉ ቁጥር ለሙሉ ቁጥር ሲካፈል መልሱም ሙሉ ቁጥር መሆን አለበት፤ ትርፍራፊው ይጣላል። ሁለት ውስጥ ሦስት ስንት ጊዜ አለ? የለም። ስለዚህ ዜሮ። ያቺ ዜሮ ቁጥሩ ራስ ላይ ስትቀመጥ ደግሞ ማንኛውንም ቁጥር ወደ አንድ ትቀይረዋለች። እንደ እኛ ባለ ትንሽ ቦይ ውስጥ ያ ቁጥር ግማሽ ገደማ መሆን ነበረበት። ማሽኑ ውሃው በእጥፍ የሚሮጥ መስሎታል። በእጥፍ ለሚሮጥ ውሃ ጠባብ ቦይ ይበቃል። ከሁለቱ ቁጥሮች ኋላ ነጥብ ተጨምሮ ቢሆን ኖሮ ይኼ ሁሉ አይመጣም ነበር። አልጀብራው ሲገለብጥ ነጥቧን አላደረገም፤ ፎርትራንም የነጥቧን አለመኖር አላለፈም።

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ ይደሰታል ይላሉ። እኔ ወንበሩን ገፍቼ ወጣሁ። ከርከዴ ቤቷ ሄጄ ያዘዝኩትን ሳልጠጣ ተነሳሁ። ምክንያቱም አሁን ስህተቱን አግኝቻለሁ፤ አሁን ለአቶ ሙሳ መንገር አለብኝ።

ነገርኳቸው። መጀመሪያ የገባቸው አልመሰለኝም። ቀጥለው ተነሱ፤ ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ ተመለሱ።

«ማሽኑ ጠባብ ብሏል» አሉ።

«ተሳስቷል፣ አቶ ሙሳ። ክፍልፋዩን ጥሎታል።»

«አንተ ነህ ማሽን አይሳሳትም ያልከኝ!»

«እሱን አልካድኩም። አሁን ግን በእጄ አስልቼ አይቻለሁ። ቦዩም እየመሰከረ ነው።»

«ቦዩ!» ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «እኔ በሼህ አደም ፊት፣ በሕዝብ ፊት፣ በፋቲሃ ቃል ሰጥቷል። አሁን ሄጄ ምን ልበል? ማሽኑ ታሟል ልበል? በዚህ አገር መንግሥት መጥቶ ቃል ሰጥቶ የሄደው ስንት ጊዜ ነው? እኔ የመጀመሪያ ነው የማይዋሽ ብለው ነበር።»

«ከታች ያሉትስ? ቦዩ እንዲሁ ካለቀ እነሰይድ ጋ የሚደርስ ውሃ የለም። እነሱም እኮ እየቆፈሩ ነው።»

በጣታቸው በሩን አሳዩኝ። ከዚያ «ውጣ» አሉኝ። ወጣሁ። ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ግን የኀዘን አልነበረም። ማሽን አይሳሳትም እያልኩ ሳሳምናቸው ከረምኩ፤ አሁን ደግሞ አትመኑት ብዬ ማሳመን አቃተኝ። በየትኛው እንደምናደድ እንኳ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ግን የቢሮው መኪና ቤቴ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጡሩንባ ነፋ። አቶ ሙሳ ከፊት ተቀምጠዋል። «ግባ» አሉኝ። መንገዱን ሁሉ አልተናገሩም።

ማንጎው ሥር ሼህ አደም፣ ሰይድና ሌሎች ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ተደግፈው ከበቡን። እኔ እንደምንም አስረዳሁ። ስጨርስ ሼህ አደም ጢማቸውን እያሻሹ፣

«ቢንቲ፣ ማሽኑ ያኔ ዛፍ አይነካም ብሏል። ዛሬ ይነካል ይላል። ውሸቱ የትኛው ቀን ነው?» አሉ።

ጥያቄው እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው ሁሉ የከበደኝ ነው። ቀመርና ፎርትራን እዚያ ጥላ ሥር ምንም አይሠሩም። መሬት ላይ የወደቁ ሁለት ጥሬ ማንጎዎች አየሁና አነሳኋቸው።

«ሼህ፣ እነዚህን ለሦስት ልጅ ያካፍሉ ብል እርስዎ እንዴት ያደርጋሉ?»

«ቢላ አመጣለሁ፣ እቆርጣለሁ።»

«ማሽኑ ቢላ የለውም። ሁለት ማንጎ ለሦስት ልጅ አይደርስም ብሎ ለማንም ሳይሰጥ ይጥላቸዋል። ያኔ ያደረገው ይኼንን ነው።»

«ሦስቱም ልጅ ባዶ እጅ ይሄዳል?»

«አዎ።»

ሽማግሌው ማንጎዎቹን ከእጄ ተቀብለው አገላብጠው አዩዋቸው። «ወላሂ፣ ይኼ ማሽን ልጅ አላሳደገም» አሉ። ሰዉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ቀና ብለው ዛፎቹን በተራ ተመለከቱ። «እኔ ገባኝ። ግን መግባት ሌላ ነው፣ መቁረጥ ሌላ ነው።»

ሰይድ ጉሮሮውን ጠረገ። «አባቴ ሼህ፣ እኛ የሰው ዛፍ አስቆርጠን ውሃ አንጠጣም። ወላሂ አንጠጣም። ግን አንች ልጀ» አለ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሌላ መላ የለሽም?»

አንድ መላ ነበረኝ፤ ከበረንዳው ስሌት ጀምሮ ሳብሰለስለው የነበረ። ያው ቀመር ነው የሚናገረው፦ ቦዩ በአፈር ፈንታ በድንጋይና በሲሚንቶ ከተለሰነ ውሃው በለስላሳው ላይ እጥፍ ሊሆን በተቃረበ ፍጥነት ይንሸራተታል፤ ጠባቡም ቦይ ይበቃል። ሌላውን ቦታ በቁፋሮ አስፍተን በማንጎዎቹ አጠገብ ያለውን ብቻ ብንለስን ዛፍ ሳይነካ ማለፍ ይቻላል። ሁሉም ፊቱ በራ። አቶ ሙሳ ግን እኔም የማውቀውን ያውቃሉ፤ አሶሳ ውስጥ ሲሚንቶ የለም። ከመሐል አገር ነው የሚመጣው፣ በዚያው በመንዲ መንገድ።

ሲሚንቶውን ጠበቅን። አቶ ሙሳ በሬዲዮ ይጮኻሉ፤ መኪናው ተነስቷል ይባላል፤ ነቀምት ደርሷል ይባላል፤ ከዚያ ወሬው ይጠፋል። ሰማዩ ከምዕራብ መጥቆር ጀመረ፤ የመጀመሪያው ካፊያ አቧራውን ነካ፤ አፈሩም ያቺን ሽታውን ሰጠ። ሌላ ጊዜ የምወደው ሽታ ነው፤ በዚያ ሰሞን ግን እንደ ዛቻ ይሸተኝ ነበር። ክረምቱ ከገባ ያልተጠናቀቀ ቦይ ተንዶ ይሞላል፤ የሰው ሁሉ ልፋት ለሚቀጥለው ዓመት እንኳ አይተርፍም። መኪናው ከመንዲ ወዲህ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ኖሯል። በመጨረሻ ሲደርስ ከጭነቱ ከፊሉ ዝናብ ገብቶበት ድንጋይ ሆኗል። ጆንያውን ስንቀደው የጆንያውን ቅርጽ ይዞ ቆመ። እግሬን አንስቼ ረገጥኩት፤ ያመመው እኔን ነው።

የተረፈው የረድፉን ግማሽ ያህል እንኳ አይለስንም። ሌላ መጠበቅ አይቻልም። አቶ ሙሳ ለብቻቸው ሼህ አደም ቤት ገቡና ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ሼሁ ከኋላቸው መጡ። የትኞቹ እንደሚቆረጡ የመረጡት ራሳቸው ናቸው፤ በመዳፋቸው ግንዱን መታ መታ እያደረጉ። ፍሬው ገና አልበሰለም። ሴቶቹ የሚደርሱበትን ያህል በሻሽ ለቀሙ።

መጥረቢያው ሲጀምር እኔ ሩቅ ልሆን ፈልጌ ነበር። አቶ ሙሳ ግን ከግንዱ አጠገብ ቆመው ስላየሁ መሸሽ አፈርኩ። የመጀመሪያው ዛፍ ወደ ቦዩ በኩል ወደቀ። ያልተለቀሙት ጥሬ ማንጎዎች እየተንከባለሉ ቦዩ ወለል ላይ ተደረደሩ። ከወጣቶቹ አንዱ በንዴት በአማርኛ፣ እኛም እንድንሰማው፣ «ማሽኑ ነው የዋሸን! ማሽኑን አምጥታችሁ እዚህ አቁሙት!» ብሎ ጮኸ። ብዙዎች አጉረመረሙ። እኔ ያን ጊዜ ደስ ነው ያለኝ። አዎ፣ ማሽኑን! እኔም እሱኑ ነው የምለው።

አቶ ሙሳ እጃቸውን አነሱ።

«ማሽን ለማንም ቃል አልሰጠም» አሉ። «ቃል የሰጠ እኔ ነው። ያፈረሰ እኔ ነው። የሚሰደብ ካለ እዚህ ቆሟል።»

መጥረቢያው እንደገና ጀመረ። እሳቸው ፀሐዩ ላይ እንደ ቆሙ ዋሉ፤ ጥላ አልፈለጉም። ሲመሽ ወደ መኪናው ስንሄድ ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ላይ ተጣብቆ ነበር። ስለ ስህተቱ ያን ዕለትም፣ ከዚያ በኋላም አንድ ቃል ወቅሰውኝ አያውቁም።

ቦዩ ክረምቱ ሳይጠነክር አለቀ። በተቀረው የዛፍ ረድፍ ሥር በልስኑ ላይ፣ በተቆረጠው በኩል በሰፊው አፈር ላይ አልፎ ውሃው ሰፋሪዎቹ ማሳ ደረሰ። ሰይድ ማሳው ዳር ቁጢጥ ብሎ ውሃው ሲገባ እያየ «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ጮክ ብሎ ግን አልነበረም። ሼህ አደም በቀጣዩ ዓመት ሁሉ ሰላምታዬን በራሳቸው ንቅናቄ ብቻ ነበር የሚመልሱት። «ቢንቲ» የምትለዋን ቃል ዳግም የሰማሁት ተዘዋውሬ ከአሶሳ ልወጣ ስል፣ ልሰናበታቸው የሄድኩ ዕለት ነው።

አቶ ሙሳ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ለኢድ ሁልጊዜ እደውልላቸዋለሁ፤ ዘንድሮም ደውዬ ነበር። ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ጉልበታቸው፣ አሶሳ እንዴት እንደሰፋች አወሩልኝ። ቦዩ አሁንም ይፈሳል አሉ። ልስኑ ተሰነጣጥቋል፤ ወጣት መሐንዲሶች መጥተው ሊያድሱት እየለኩ ነው፤ ሁሉንም በኮምፒውተር ነው የሚሠሩት።

«አንዷን ክፍል በእጃቸው እንዲያሰሉ ይንገሯቸው» አልኳቸው።

«ነግሬያለሁ። ሳቁብኝ» አሉ። «አንተ ደህና ነህ ግን?»

ደህና ነኝ አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ግን ያ ብስጭት ከእኔ ጋር አብሮ አርጅቷል እንጂ አልለቀቀኝም። ቀመሩ ልክ ነበር። አልጀብራውም የጻፈው ልክ ነበር። ፎርትራንም በራሱ ሕግ ልክ ነበር። ሁሉም ልክ ሆነው ዛፎቹ ወደቁ። የሚያበግነኝም ይኸው ነው፤ የምቆጣው አንድ ጥፋተኛ ቢገኝ ኖሮ ድሮ ተቆጥቼ በወጣልኝ። አቶ ሙሳ ፎርትራን ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አያውቁም። ያን ዕለት ግን ከሁላችንም መካከል «እኔ ነኝ» ያሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እኔ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነበርኩ፣ የተማርኩትም እኔ ነበርኩ፤ ሆኖም ያን ቃል ለማለት አፌን እንኳ አልከፈትኩም። ግን ያን ቃል ማለቱ በእርግጥ የእኔ ድርሻ ነበር ወይ? ይኼን ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንስቼ ጥያለሁ። መልሱን አላገኘሁም፤ ምስሬን ግን ለቅሜ ጨርሻለሁ።